ሥራ ሲያስመርር ቅዳሜን ለሰፈር ልጆች፦ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዴት ይጀመራል?

ሥራ የሚያስመርረው ደመወዝ ሲያንስ ብቻ አይደለም። ደመወዙ ደህና ሆኖ ልቡ የቀዘቀዘበት ሰው ብዙ ነው። ሪፖርት ይጽፋል፤ ማን እንደሚያነበው አያውቅም። ዕቅድ ያወጣል፤ ዕቅዱ በግማሽ ዓመት ይከለሳል። ግምገማ ላይ ይቀመጣል፤ የተባለው ሁሉ በሚቀጥለው ግምገማ እንደገና ይባላል። ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ሲል መልስ ያጣል።

ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክር «ሥራ ቀይር» የሚል ነው። ቢቻል ጥሩ ነበር። ግን የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ሥራም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ላሳይዎ። ሥራዎን ሳይለቁ በሰፈርዎ አንድ ትንሽ ሥራ ይጀምሩ። ውጤቱን በዓይንዎ የሚያዩት ይሁን። የሚያገለግሉትን ሰው በስሙ ይወቁት። መቼ እንደሚያልቅም አስቀድመው ይቁረጡ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚነፍገን እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው።

እዚህ የማሳየው የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርትን ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ። ቢሆንም ከ10 ተማሪዎች 9ኙ ያንን መስመር አላለፉም። እነዚህ ልጆች በየቀኑ የሕንፃችን ደረጃ ላይ የምናገኛቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው። በዚያው ደረጃ ላይ ደግሞ ሒሳብ የተማረ፣ ፊዚክስ የተማረ፣ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። የጠፋው የሚያገናኛቸው ሰው ነው።

1. መጀመሪያ ድካምዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ይህን ሳያደርጉ አይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘውን መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል። አንደኛው አቅም ማለቅ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በስሜት መራቅና ስለ ሥራው ክፉ ክፉውን ማሰብ ነው። ሦስተኛው የሚሠሩት ነገር ውጤት እንደሌለው መሰማት ነው።

ዋናው ችግርዎ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ማለትም እንቅልፍ የማይጠግቡ፣ ቅዳሜን አልጋ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ አዲስ ሥራ አይጨምሩ። ይረፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት እረፍት አለው። «ቢሮው ያለ እኔ አይሆንም» እያሉ ፈቃዳቸውን የሚያጠራቅሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። እርስዎም እንደዚያ ከሆኑ መጀመሪያ እሱን ይጠቀሙ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሆኑ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሥራው ብቻ ሳይሆን ድሮ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ምግብ አልበላ ካለዎት፣ ሞትን ማሰብ ከጀመሩ፣ ይህ የሥራ መሰልቸት አይደለም። ለሚቀርቡት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። የቅዳሜው ትምህርት ይቆይ።

2. ሥራው የነሣዎትን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። በመጨረሻ በሥራዬ የተደሰትኩት መቼ ነው? ያን ቀን ምን ነበር የሠራሁት? አሁን የጎደለኝ ምስጋና ነው? ውጤት ማየት ነው? ሰው ነው? ወይስ የተማርኩትን ሙያ መጠቀም ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የሚመርጡትን ሥራ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር የሚውል የባንክ ሠራተኛ ቅዳሜም ብዙ ሰው ፊት መቆም ላያምረው ይችላል። እሱ ለ3 ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢያስጠና ይሻለዋል። ብቻዋን ኮምፒውተር ፊት የምትውል መሐንዲስ ግን ሰሌዳ ፊት ስትቆም ነፍሷ መለስ ይላል።

በተለይ ለሒሳብ ሠራተኞች ልንገራችሁ። በየትኛውም የሰፈር ሥራ ላይ ሰው ሁሉ ገንዘብ ያዥነቱን ለእናንተ ይሰጣል። ያስመረራችሁ ደረሰኝ ማመሳከር ከሆነ በግልጽ እምቢ በሉ። «እኔ ልጆቹን ላስተምር፤ ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝ» ማለት ነውር የለውም። ይህን ሳይሉ የጀመሩ ሰዎች ቅዳሜያቸውን ከመሥሪያ ቤታቸው የማይለይ አድርገውት በሁለት ወር ይጠፋሉ።

መምህር ከሆኑና የደከምዎት ክፍል ውስጥ መቆም ከሆነ ደግሞ ማጠናከሪያ ትምህርት ለእርስዎ አይሆንም። ሌላ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ የሚደርቀው በበጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሰፈራችሁ መንገድ ዳር ያሉትን 40 ችግኞች ተራ ገብቶ የሚያጠጣ ቡድን ማቋቋም ሙሉ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ቆሞ ይታያል። በየሳምንቱ ጊዜ የሌለው ሰውም በየ3 ወሩ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ደም ማስለገስ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ለእነዚህም ይሆናሉ።

3. ወደ ዕድሩ ይሂዱ

ብዙ ሰው የበጎ ሥራ ሐሳብ ሲመጣለት መጀመሪያ ስም ያወጣል፣ ሎጎ ያሠራል፣ ማኅበር ለማስመዝገብ ይሯሯጣል። ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። እኔ የምመክረው በሰፈሩ ካለው ነገር መጀመርን ነው። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። አዳራሽ ባይኖረው እንኳ ድንኳንና አግዳሚ አለው። ከሁሉም በላይ የሰው እምነት አለው። እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው አትልክም፤ ዕድሩ ወዳለበት ግን ትልካለች።

በሕግ በኩልም ይቀላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ ሥራው የዕድሩ ሥራ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ድርጅት ማስመዝገብ አያስፈልግዎትም። ነገሩ አድጎ የራሱ ስም፣ የራሱ የባንክ ሒሳብና ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ሲኖረው ያን ጊዜ ይታሰብበታል። ወረዳው ግን ከመጀመሪያው ቢያውቀው ጥሩ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ቢያስገቡ በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል አይመጣም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ዕድሩ ሳይጠናከር የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀድም ይችላል። ሁለቱም ካሉ ሁለቱንም ያናግሩ። አንዱን ብቻ ማናገር ቅሬታ ያመጣል።

የዕድሩን ዳኛ ስብሰባ ላይ ድንገት አያግኟቸው። ቀድመው ቤታቸው ይሂዱ። ምክር ለመጠየቅ ይሂዱ፤ የተጨረሰ ውሳኔ ይዘው አይሂዱ። ንግግሩ አጭር ይሁን፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው የመጣሁት። የሰፈራችን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ላይ እየተቸገሩ ነው። እኔና አንድ ጎረቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ልናስጠናቸው አስበናል። ገንዘብ አንጠይቅም። አዳራሹንና አግዳሚውን ቢፈቅዱልን ነው። እስከ ጥር እንሞክረው፤ ካልሆነም እንተወዋለን። እርስዎ ምን ይሉናል?»

«እስከ ጥር» የሚለው ቃል በጣም ይጠቅማል። ሽማግሌዎች ማለቂያ የሌለው ነገር ይፈራሉ፤ ልክ ናቸውም። ስንት ነገር በጭብጨባ ተጀምሮ ቁልፍ የሚመልስ ሰው ጠፍቶበታል።

የሚነሡትን ጥያቄዎች ቀድመው ያዘጋጁባቸው። ወንበር ቢሰበርስ? እኛ እናሠራለን። ማን ያጸዳል? ልጆቹ ከእኛ ጋር ጠርገው ይወጣሉ። ለቅሶ ቢገጥምስ? ያን ቀን ትምህርት የለም፤ እኛም ለቅሶ እንቀመጣለን። የሃይማኖት ነገር አለበት? የለበትም፤ የሁሉም ልጅ ይመጣል። የፓርቲ ነገርስ? የለበትም፤ ማንም መጥቶ ባነር አይሰቅልም። ይህን የመጨረሻውን በቃለ ጉባኤ ቢያስይዙት ደግሞ በጣም ይሻላል።

4. ቦታና ሰዓት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮሚናሉ፣ ማለትም የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት፣ አለ። ድግስና ለቅሶ ከሌለ ብዙ ቀን ተዘግቶ ይውላል። ብርሃኑን፣ አየሩንና የመፀዳጃ ቤቱን ሁኔታ ሄደው ይዩ። ሴት ልጆች የሚጠቀሙበት ንጹሕ መፀዳጃ ከሌለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ይህን ችላ ያለ ፕሮግራም ሴቶቹን ልጆች ቀስ በቀስ ያጣል። በአቅራቢያ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ርእሰ መምህሩን ካነጋገሩ ቅዳሜ ክፍል ሊፈቅድ ይችላል።

ሰዓቱን ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ቢያደርጉት ይመቻል። በሕጉ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ስለሆነ ብዙ የግል ድርጅት ቅዳሜ ግማሽ ቀን ያሠራል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሰዓት ልብስ ማጠብና ለሰኞ መዘጋጀት አለ። ዓርብ ደግሞ ሙስሊሞቹ ልጆች ጁምዓ አላቸው። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ከሰዓት ላይ ልጆቹ ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ጠዋት መለወጥ ይቻል እንደሆነ ወላጆችን ይጠይቁ።

5. አብሮ የሚሠራ ሰው

ብቻዎን አይጀምሩ። ቢያንስ 3 አዋቂ ያስፈልጋል። አንዱ ሲታመም፣ አንዱ ሠርግ ሲኖርበት ቀሪው ብቻውን ይቀራል፤ ከታች እንደምነግርዎ ደግሞ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር መሆን የለበትም።

ጓደኞችዎን ብቻ አይፈልጉ። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። እስካሁን ያገኘኋቸው ምርጥ አስጠኚዎች እነሱ ናቸው። ሰሌዳ አጠቃቀማቸው፣ ልጅ ሲረብሽ ሳይቆጡ ዝም የሚያሰኙበት መንገድ፣ አንድን ነገር በ3 ዓይነት መንገድ ማስረዳት መቻላቸው ከየትም አይገኝም። «እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ያሳዩን፤ መቆሙን እኛ እንቆማለን» ብለው ይጋብዟቸው። ለእርስዎም ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራቸውን 30 ዓመት ከሠሩ በኋላ አሁንም የሚወዱት ሰዎች አጠገብ መቀመጥ ልብ ያሞቃል።

6. ትንሽ ይሁን፦ አንድ ትምህርት፣ 15 ልጅ፣ 10 ሳምንት

እዚህ ላይ እጠነክራለሁ። ከላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ስለጠቀስኩ ብዙ ሰው ከ12ኛ ክፍል መጀመር ይፈልጋል። እኔ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ይጀምሩ እላለሁ። 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ የጎደለው ብዙ ነው፣ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ እርስዎም በ10 ቅዳሜ የሚያመጡት ለውጥ አይታይዎትም። የ8ኛ ክፍል ልጅ ግን ከሚኒስትሪ በፊት ክፍተቱ ሊሞላለት ይችላል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መሠረቱ የያዘ ልጅ ቋንቋውን ብቻ ይታገላል፣ መሠረት የሌለው ሁለቱንም።

ትምህርቱም አንድ ይሁን። ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ። ሁለቱንም ከጀመሩ አስጠኚ ያንሳል፣ ሰዓት ያንሳል።

ልጆቹን ሲመርጡ ጎበዞቹን ብቻ አይሰብስቡ። ጎበዝ ልጅ ለአስጠኚ ደስ ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም። መሀል ያሉትንና ወደኋላ የቀሩትን ይውሰዱ። ምዝገባው ላይ ወላጅ በአካል ይምጣ።

መጀመር ያለበት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም እንጂ ትምህርት ገና አልተረጋጋም። ከጥቅምት አጋማሽ 10 ቅዳሜ ቢቆጥሩ ገና ሳይደርስ ያልቃል፤ ለቅሶና በዓል ቢያስቀርብዎትም ከጥምቀት በፊት ይጨርሳሉ። ይህ ጊዜ ካለፈዎት የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ፣ የካቲት ላይ ይነሡ።

7. የመጀመሪያው ቅዳሜ

አያስተምሩ። 10 ጥያቄ ይስጡ። ጥያቄዎቹ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ይሁኑ፦ ረጅም ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛ። ለልጆቹ «ነጥብ አይሰጥበትም፤ ለእኛ ነው» ይበሏቸው።

ወረቀቱን ሲያርሙ ልክና ስሕተት ብለው አይለፉት። እንዴት እንደተሳሳቱ ያንብቡ። ለምሳሌ 3/4 እና 1/6ን ደምሩ ይበሉ። ከልጆቹ ብዙዎቹ 4/10 ብለው ይጽፋሉ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረው ነው። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ የራሳቸውን ደንብ ፈጥረው እየተከተሉ ነው። ደንቡን ለማፍረስ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «3/4 ነበረህ። ሌላ ጨመርኩልህ። እንዴት 4/10 ሆነ? 4/10 እኮ ከግማሽ ያንሳል።» ልጁ ዝም ይላል። ያስብ፤ አያቋርጡት። ከዚያ ወረቀት አጥፈው፣ 12 ቦታ ከፍለው፣ 9/12 እና 2/12 ሆኖ 11/12 እንደሚመጣ በእጁ ይቁጠረው።

ከሪፖርት በኋላ ሪፖርት ለጻፈ ሰው ይህች ቅጽበት ምን እንደምትመስል ለማስረዳት ይከብደኛል። የለፉበት ነገር ከፊትዎ ሰው ላይ ሲሠራ ያያሉ። ማንም መፈረም የለበትም።

8. የሁለቱ ሰዓት አካሄድ

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ልጆች ምን እንደሚመጣ ሲያውቁ ይረጋጋሉ። መጀመሪያ ስም ጥሪና ያለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ። ቀጥሎ 40 ደቂቃ ያህል አንድ ርእስ በሰሌዳ ላይ። ትንሽ ረፍት። ከዚያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠራሉ፤ አስጠኚዎች በመሀል እየዞሩ ያያሉ። ይህ ክፍል ረዘም ይበል፤ ልጅ የሚማረው ሲሠራ ነው። የመጨረሻው 10 ደቂቃ የመውጫ ጥያቄ ነው። በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ፣ ከላይ ስም። ሠርተው ሰጥተው ይወጣሉ።

ቁራጮቹን ይሰብስቡ፤ ማታ ቤትዎ በአንድ ደብተር ላይ በስም በስም ይመዝግቡ። የሠራ ምልክት፣ ያልሠራ ባዶ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። በ5ኛው ሳምንት ደብተሩን ሲያዩ ማን እንደተነሣ፣ ማን እንደቆመ ይታያል። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምሩትም ከዚያ ይወጣል። ይህን ደብተር ወደ ኤክሴል ለመለወጥ የሚጓጓ ሰው ቢመጣ ይቅር ይበሉት። ቀለም፣ ሠንጠረዥና ማጠቃለያ ገጽ ሲገባ የሸሹት ቢሮ ተከትሎ ይመጣል።

9. የልጆች ደኅንነት

ይህ ድርድር የለውም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም። በሩ ክፍት ይሁን። ሁልጊዜ ቢያንስ 2 አዋቂ ይኑር፤ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ ስድብ የለም፤ ይህን አስጠኚዎች ከመጀመራቸው በፊት ፈርመው ይቀበሉ። ልጆች ከ10 ሰዓት በኋላ እንዳይቆዩ፤ የሚወስዳቸው ሰው ማን እንደሆነ ይመዝገብ። ልጅን በግል ስልክ ማነጋገር አይፈቀድ፤ መልእክት ሁሉ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ በኩል ይሁን። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይልቀቁ። የችግረኛ ልጅ ፊት የማንም ማስታወቂያ መሆን የለበትም።

አንድ አስጠኚ ይህን መቀበል ካልፈለገ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ያሰናብቱት።

10. ገንዘብ

በተቻለ መጠን አይንኩት። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሰሌዳ፣ ጠመኔ ወይም ማርከር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የመጠጥ ውኃ፣ መጥረጊያ። የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ የሚያስፈልጉትን ገጾች ብቻ ማባዛት ይቻላል። ሰው ልርዳ ሲል «አንድ ባኮ ወረቀት ይግዙልን» ይበሉ። በዓይነት የሚመጣ ነገር ጭቅጭቅ የለውም። ብር ከመጣ በዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ይግባ።

ወላጆች «ትንሽ እንክፈል» ሊሉ ይችላሉ። አይቀበሉ። ክፍያ ሲጀመር ያላት እናት ልጇን ታመጣለች፣ የሌላት ትቀራለች።

11. መደበኛ ሥራዎን አይጉዱ

በመሥሪያ ቤት ወረቀትና ማተሚያ አያባዙ። በሥራ ሰዓት ግሩፕ ላይ አይጻፉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ቅዳሜ ብቻ የሚያወሩ ከሆነ የሥራ ባልደረባ ይታዘባል፣ አለቃም ሰበብ ያገኛል።

ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው 10 ሳምንት ሥራ አይልቀቁ። ልብ ሲሞቅ ቶሎ መወሰን ያምራል። ዙሩ ይለቅ፤ ከዚያ ወደ ግማሹ ገጽ ወረቀትዎ ይመለሱ። አንዳንዱ ሰው የጎደለውን ቅዳሜ ሲያገኝ የሰኞው ሥራ ይቀልለዋል። ሌላው ደግሞ በእርግጥም ቦታው እዚያ እንዳልሆነ ይገለጥለታል፤ ረጋ ብሎ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ለትዳር ጓደኛዎም አስቀድመው ይንገሩ። ቅዳሜ ከሰዓት የቤቱ ጊዜ ነበር። የጎረቤት ልጅ እያስጠኑ የራስዎ ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን ስልክ ላይ ከተቀመጠ፣ እሱንም ይዘውት ይሂዱ።

12. በመሀል ሲቀዘቅዝ

በ4ኛው ወይም በ5ኛው ሳምንት አካባቢ መቅዘቀዝ የተለመደ ነው። 15 የነበሩት 9 ይሆናሉ። አስጠኚ «ዛሬ አልመቸኝም» ይላል። ያን ጊዜ ስብሰባ አይጥሩ። መምጣት ያቆሙትን ልጆች ቤት በእግር ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ታናሽ እኅት የሚጠብቅ ሰው የለም፣ እናት ገበያ የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነው፣ ወይም ልጁ አልገባኝም ብሎ አፍሮ ነው። ለመጀመሪያው፣ ታናሿም ትምጣና ጥግ ላይ ትሣል። ለሁለተኛው፣ ከእናትየው ጋር ስለ ሰዓቱ ይነጋገሩ። ለሦስተኛው፣ ለሁለት ሳምንት ከአንድ አስጠኚ ጎን፣ ከሁሉም ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው ያስጠኑት።

የቀሩት 9ኙ ከሆኑም ለ9ኙ ይቀጥሉ። ቁጥር ማሳደግ የመሥሪያ ቤት ጭንቀት ነው፤ እዚህ አያምጡት።

13. ዙሩ ሲያልቅ

በመጨረሻው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ቀን 10 ጥያቄ ቁጥሮቹን ለውጠው እንደገና ይስጡ። ሁለቱን ወረቀቶች አያይዘው ለእያንዳንዱ ወላጅ ይስጡ። ለዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ በ5 ደቂቃ ይናገሩ፦ ስንት ልጅ ጀመረ፣ ስንት ጨረሰ፣ የትኛው ርእስ ገባቸው፣ የትኛው አልገባቸውም፣ ስንት ወንበር ተሰበረና ተሠራ። ቁልፉን በስብሰባው ፊት ለዳኛው ይመልሱ። መቀጠል ከፈለጉ እንደገና ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ፈቃድ እስከ ጥር ነበር።

ለቀጣይ ዙሮች አስጠኚ ሲፈልጉ በሰፈሩ ያሉትን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞች አይርሱ። ፈተናውን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ወራት ቤት ይቀመጣሉ። ትምህርቱ ትኩስ ነው፣ ልጆቹም ይሰሟቸዋል። በክረምቱ ወራት አንድ ሁለቱን ከጡረተኛዋ መምህርት ጎን አስቀምጡና ይለማመዱ። ለእነሱ የሚያስረክቡት ነገር የተዘጋጀ ይሁን፦ የልጆቹ ዝርዝርና የወላጅ ስልክ፣ የውጤት ደብተሩ፣ የጥያቄ ወረቀቶቹ በርእስ በርእስ ተለይተው፣ የደኅንነት ደንቡ ከፊርማው ጋር፣ የዕድሩ ቃለ ጉባኤ ቅጂ። ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ።